ማኅተም የሌለበት ዓመት

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ሲነሱ ሊብሬ አገላብጠው አያውቁም። ሻጩ የየዓመቱን የምርመራ ማኅተም በጣቱ እየጠቆመ ሲምል፣ እሳቸው በመፋቂያ ጥርሳቸውን እየፋቁ ይሰሙትና "በል አስነሳትና እንሂድ" ይላሉ። የሚሄዱት መኪናዋ ዱሮ በምትመላለስበት መንገድ ነው። እየሄዱም ሞተሩን አይሰሙም፤ ዓይናቸው መንገድ ዳር ነው። ጎሚስታው ድምፅ ሰምቶ መፍቻውን ይዞ ከተነሳ፣ ሻይ ቤት የተቀመጡት "ደግሞ መጣች!" ብለው ከሳቁ፣ የኬላው ዘበኛ ሳይጠየቅ ውሃ ካቀረበ፣ ያች መኪና አትገዛም። ማንም ቀና ብሎ ካላያት ግን "ይቺ ሰው አስቸግራ አታውቅም" ይሉና ያን ጊዜ ስለ ዋጋ ይነጋገራሉ።

እኔ በዚህ ስስቅባቸው ነው ያደግሁት። አሰበ ተፈሪ ውስጥ እንደ እሳቸው መኪና የሚያማ ሰው አልነበረም፤ የሰው ልጅ ሐሜት አይጥማቸውም፣ የመኪና ከሆነ ግን ራታቸውን ይረሳሉ። በኋላ ነገሩ ከራሴ ሕይወት ጋር ሲያያዝ ሳቄን ተውኩ።

ባለቤቴ ድሬሰር ነበር፤ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል። ተጋብተን ብዙም ሳንቆይ ገለምሶ ተመደበና እዚያ ጎጆ ወጣን። የሠለጠነች አዋላጅ የምትገኘው ግን አሰበ ተፈሪ ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ምጥ በክረምት መጣ። ልጁ በእግሩ ነው የሚመጣው ተባለና አባቴ በራሳቸው መኪና ሊወስዱኝ ደረሱ። ከገለምሶ ወጥተን ወደ በዴሳ በሚወስደው መንገድ፣ ጥቁር ጭቃ ያለበት ዳገት ላይ የኋላ ጎማው ሰመጠ። ዝናቡ ይወርዳል። አባቴና ባለቤቴ ብቻቸውን ገፉ፤ ድንጋይ አነጠፉ፣ ቅርንጫፍ ቆረጡ፣ ደግመው ገፉ። አንድ ሰው እንኳ አላለፈም። ልጄ እዚያው ጋቢና ውስጥ ተወለደ፤ አላለቀሰም።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ስለ ሌላ ነገር እየተጫወቱ በመሃል ያቋርጡታል። ከዚያ "ሰው ቢገኝ ኖሮ" ይላሉ። ምን እንደሚያስቡ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ አልቅሼ ወጥቶልኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ያን ዳገት ይዘውት ይዞሩ ነበር።

ሁለተኛውን ሳረግዝ ባለቤቴ እንዲህ አለ፦ "አንቺ ወደ አዋላጇ አትሄጂም። አዋላጇ ወዳንቺ ትመጣለች።" ለዚህ ሞተር ብስክሌት ያስፈልጋል፤ መኪና የሚሰምጥበት ጭቃ ላይ ሞተር ብስክሌት በጠርዙ ያልፋል። አፈላልጎ አፈላልጎ ሂርና ውስጥ አንድ ነጋዴ ዘንድ አገኘ። ሦስታችንም በአባቴ መኪና ሄድን።

ሞተሯ መጋዘን ውስጥ ከጆንያ ጀርባ ቆማለች። አሮጌ ናት፤ ቀለሟ አመድማ፣ ታንከሯ በአንድ ጎኑ የጎደጎደ። ነጋዴው አዲስ ጎማ አስገብቶላት ነበር። ሊብሬውን አወጣና ማኅተሙን ያሳየን ጀመር። በየዓመቱ ተመርምራለች፤ አምና ብቻ ቦታው ባዶ ነው።

"አምና ምን ሆና ነው?" አለ ባለቤቴ።

"እዚሁ ጎማዋ ወልቆ ተቀምጣ ነበር። ያልተንቀሳቀሰ ነገር ምኑ ይመረመራል?" አለ ነጋዴው። ከሐራጅ እንደገዛትና ከዚያች ቀን ጀምሮ ከመጋዘኑ እንዳልወጣች ነገረን።

አባቴ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ከዚያ በፊት የማን ነበረች?"

"የአንበጣ ጠባቂ የነበረ አንድ ልጅ ይነዳት ነበር። ከአሰቦት ቆላ ተነስቶ በበዴሳ አድርጎ እስከ ገለምሶ ይመላለስባት ነበር። ወባ ገደለው፤ ነፍሱን ይማረው።"

"በል፣ በመንገዷ እንውሰዳት" አሉ አባቴ።

ሞተሯን ጭነን አሰበ ተፈሪ አወረድናት። ባለቤቴ አንዴ ሲረግጣት ተነሳች። ድምፅዋ የራስዋ ነው፤ ቱፍ ቱፍ ቱፍ ትልና በመሃል ደረቱን እንደታመመ ሰው አንዴ ታስላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። እሱ ፊት ፊት ነዳ፣ እኔና አባቴ በመኪናው ተከተልን። "እሱን አትይ፣ ሰዉን እይ" አሉኝ።

ከተማው ዳር ያለው ጎሚስታ ቀና እንኳ አላለም። አባቴ ደስ አላቸው። የኬላው ዘበኛም እያዛጋ አሳለፈን። "አየሽ? የዚች ሞተር ስም እዚህ ሰፈር አይታወቅም" አሉና ፉጨት ጀመሩ።

ከተማውን ለቅቀን የመጀመሪያውን ኩርባ ስንዞር ማሽላ ውስጥ ጎንበስ ያለች ሴት ቀና አለች። እኔ ዓይኔን ጥዬባት ስለነበር በደንብ አይቻታለሁ። ሞተሯን አላየችም፤ እኛንም አላየችም። ሰማይ አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቤቷ ሮጠች። ወዲያው ከጀርባችን የጣሳ ድምፅ ተሰማ።

አባቴ ፉጨታቸውን አላቋረጡም። ሁለተኛው መንደር ስንደርስ ግን ጣሳው ቀድሞን ነበር። ወንዱም ሴቱም የዘይት ቆርቆሮ፣ ድስት፣ የተቀጠቀጠ ባልዲ ይዞ ማሳው ዳር ቆሟል፤ ይመታል። የሚጮህ የለም፣ የሚናገር የለም፤ ፊቱ ሁሉ ወደ ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ወፍ እንኳ የለበትም። በመካከላቸው ስናልፍ አንድም ሰው ዝቅ ብሎ አላየንም። ከኮረብታው ወዲያም ይመታል፤ ከዚያ ወዲያም። ባለቤቴ ዞር እያለ ያየናል፤ ምን ላድርግ ማለቱ ነው። አባቴ በእጃቸው ቀጥል አሉት።

እኔ በመናፍስት የማምን ሴት አይደለሁም። የድሬሰር ሚስት ነኝ፤ ቡዳ በላው የተባለ ሁሉ በክኒን ሲድን አይቻለሁ። ያን ቀን ግን ጋቢናው ውስጥ ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

"አባባ፣ ምን ሆነው ነው?"

ፉጨታቸው ቆሟል። ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ ለእኔ ሳይሆን ለመሪው የሚናገሩ ይመስል፣ "ያን ጊዜ የት ነበሩ? ይሄ ሁሉ ሰው ያን ጊዜ የት ነበር?" አሉ።

በዴሳ ስንደርስ ባለቤቴ ሞተሯን አጠፋ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሲመታ ኖሮ የተጨረመተ ጣሳ እንደያዙ ወደ እኛ መጡ።

"አዋኒሳው የት ደረሰ?" አሉ፤ አንበጣውን ማለታቸው ነው።

"አንበጣ የለም አባቴ። ሞተሯን ልንገዛ እየሞከርናት ነው" አለ ባለቤቴ።

"እንዴት የለም? ያ ልጅ ተሳስቶ አያውቅም እኮ።"

አባቴ ከጋቢናው ወርደው አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እኔም ወረድኩ። ሽማግሌው አማርኛቸውን እያፈላለጉ ነገሩን። ልጁ መንጋው ከቆላ ሲነሳ ቀድሞት ይመጣል። መጀመሪያ መጀመሪያ በየመንደሩ እየቆመ "በዚህ በኩል ነው፣ ተዘጋጁ" ይላል። በኋላ በኋላ ለመቆም ጊዜ አላገኘም፤ እጁን እያወዛወዘ ብቻ ያልፋል። ድምፅዋን ከሰሙ ጣሳቸውን ያነሳሉ። ከዚያ አንበጣው በየት በኩል እንደሚመጣ ለማየት ከፍ ወዳለው ቦታ ይወጣሉ፤ ከበዴሳ ወዲያ ያሉት ሰዎች ወደ ጥቁሩ ጭቃ ዳገት ራስ ነው የሚወጡት። ዳገቱን ሲጠሩት አባቴ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ።

"ልጁ እኮ ሞቷል" አለ ባለቤቴ በቀስታ።

"አውቃለሁ። አልቅሰናል።" ሽማግሌው ጣሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። "ግን አንተ ሾፌር፣ ንገረኝ። አምና ማነው የመጣው?"

"አምና?" አለ ባለቤቴ።

"አምና ማሽላው ሲያፈራ መጣ። ሰማነው፤ ቱፍ ቱፍ ይላል፣ ያስላል። ሞተሩን አላየንም። ጉም ነበር፣ ጉም ነው የሸፈነው አልን። ጣሳ መታን። አዋኒሳው መጣ፤ ተዘጋጅተን ስለጠበቅነው ብዙ አልበላብንም።"

ሦስታችንም ሞተሯን አየናት። አባቴ እጃቸውን ዘረጉና ባለቤቴን "እስቲ ያን ሊብሬ" አሉት። በሕይወታቸው ሊብሬ ሲጠይቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ባዶውን ቦታ ገለጡና አዩት፤ አዩት፤ ከዚያ ዘግተው መለሱለት።

ስንመለስ እኔ በግልጽ ተናገርኩ። "ይህን ነገር ቤቴ አላስገባም፤ በቅሎ ግዛ" አልኩት። ባለቤቴ ሳቀ። "ድምፅ ነው። ሰዉ ለምዶት ነው። አምና የሰሙት ሌላ ሞተር ይሆናል።" በዚያ መንገድ ሌላ ሞተር ብስክሌት እንዳልነበረ እሱም ያውቅ ነበር። አባቴን ዞሬ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" አልኳቸው። መፋቂያቸውን እያላመጡ ሁለት ኩርባ ዞሩ። በመጨረሻ "መፍቻ ይዞ የወጣ ሰው አላየሁም። በዚህ መንገድ ላይ አንድም ቀን ቆማ አታውቅም። ግዟት" አሉ። ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ከሞተሯ ይልቅ ያን ዳገት ስለምፈራ ተውኩት።

ባለቤቴ ገበያ በዋለ ቁጥር ገለምሶም በዴሳም እየሄደ ለሰዉ አስረዳ። ሽማግሌዎቹ ተመካከሩና ተስማሙ። እጀታዋ ላይ ነጭ ጨርቅ ይታሰራል፤ ነጭ ጨርቅ ከታየ ሐኪሙ ነውና ጣሳ አይመታም። ሰዉ ቃሉን ጠበቀ። ባለቤቴ ነጩን ጨርቅ እያውለበለበ ሲያልፍ ልጆች ከመሳቅ በቀር ምንም አይሆኑም ነበር። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኳት። አንዳንዴ ታንከሯን እየወለወልኩ "አንቺ ሳልታም" እላት ነበር።

ምጤ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ጎህ ሲቀድ ውሃው ፈሰሰ። ባለቤቴ ጆሮውን ሆዴ ላይ አደረገ፣ በእጁ ዳበሰና ፊቱ ተለወጠ። ይህም በእግሩ ነው። ጨርቁን አጥብቆ አስሮ ወጣ። ድምፅዋ እየራቀ፣ እያሳለች፣ ጠፋ። ጣሳ የመታ ሰው አልነበረም።

አብራኝ የቆየችው ጎረቤቴ ናት፤ ባሏ ከእኛ ጎን ሱቅ ነበረው፤ ራሷም ብዙ የወለደች ሴት ናት። ወገቤን እያሸች "አይዞሽ፣ ኢንሻአላህ ይደርሳሉ" ትለኛለች። ረፋድ ሆነ። ቀትር አለፈ። መድረስ የነበረባቸው ሰዓት አለፈ። ምጡ እየገፋ ነው፣ ልጄ ግን አልወርድም ብሏል። ያን ጊዜ ነው ከበዴሳ በኩል ጣሳ የሰማሁት።

መጀመሪያ በሩቁ፣ ከዚያ ቀረብ ብሎ፣ መንደር ከመንደር እየተቀባበለ ወደ እኛ ይመጣል። አመጣጡ ሞተር በሚሄድበት ፍጥነት ነው። ጎረቤቴ "አንበጣ ነው እንዴ?" ብላ መስኮቱን ከፈተችው። ሰማዩ ንጹሕ ነበር። ወዲያው ቱፍ ቱፍ ቱፍ ሰማን፤ አንዴ አሳለ፤ ቀጠለ።

"መጡ! አልሐምዱ ሊላህ!" ብላ ሮጣ ወጣች።

ድምፁ አጥሩ ዘንድ መጣ። ቆመ። ሞተሩ ሳይጠፋ እዚያው ቆሞ ሲንተከተክ ሰማሁት። የባለቤቴን እግር ኮቴ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ከዚያ ድምፁ ዞረና በመጣበት ወደ ዳገቱ ሄደ።

ጎረቤቴ ስትመለስ ሻሿ ከራሷ ወርዷል። በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። "ደጁ ባዶ ነው" አለች። "ድምፁ አጠገቤ ነበር። ማንም የለም።" ቀጥላ የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ ማነብነብ ጀመረች። እኔ የማደርገው አልነበረኝም፤ እጇን ይዤ ጮህኩ። ልጄ እንደ መጀመሪያው ሊሞት ነው፣ የመጣውም ሊወስደው ነው ብዬ አመንኩ። ውጭ የገለምሶ ሰው ጣሳውን እየመታ በደጃችን ወደ ዳገቱ ሲያልፍ ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አባቴ ናቸው የነገሩኝ። ባለቤቴ አሰበ ተፈሪ በደህና ደርሶ አዋላጇን ከክሊኒኩ ጠራት። ቦርሳዋን ይዛ ወጥታ ኋላው ተፈናጠጠች። ሞተሯ አልነሳም አለች። እግሩ እስኪያብጥ ረገጣት፣ ካንዴላዋን ቀየረ፣ ገፍቶ ሞከራት፤ ዝም። እያለቀሰ አባቴ ቤት ሮጠ። አባቴ መኪናቸውን አስነስተው ሁለቱን ጫኑ። በዴሳን አለፉ። ጥቁሩ ጭቃ ዳገት ላይ የኋላ ጎማው ሰመጠ፤ ያው ጎማ፣ ያው ቦታ።

አባቴ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፉ። ያን ጊዜ ጣሳ ሰሙ። ቀና ሲሉ ዳገቱ ሰው ብቻ ነው፤ ከበዴሳ ወገንም ከገለምሶ ወገንም የወጣ ሰው ዳር እስከ ዳር ቆሟል። ይመታል፣ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ከእግሩ ሥር የሰመጠውን መኪና ያየ የለም። አባቴ በሩን ከፍተው መርገጫው ላይ ቆሙና በኦሮምኛም በአማርኛም ጮሁ፦ "ሰማዩን ተዉት! ወደዚህ እዩ! ልጄ ልትሞትብኝ ነው!"

ሰዉ ጣሳውን ጣለ። መኪናዋን ገፉ ማለት አይበቃም፤ አነሷት ይሉ ነበር አባቴ።

አዋላጇ ጭቃ እንደለበሰች ገባች። ከዚያ ያለውን ብዙ አላስታውስም፤ እጇንና ትእዛዟን ብቻ። በመጨረሻ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ልጄ አለቀሰች። ውጭ የቆሙት አባቴ ያን ሲሰሙ አጥሩ ሥር ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ። "ሰው ቢገኝ ኖሮ" የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲያ ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም።

አንበጣ አልመጣም፤ ያን ቀንም፣ ያን ዓመትም። ሞተሯን በማግስቱ ባለቤቴ ሄዶ ሲረግጣት ባንዴ ተነሳች። ነጭ ጨርቋ እዚያው እጀታዋ ላይ ነበር።

ክርስትና ልናነሳ ስንል የበዴሳው ሽማግሌ ቅቤ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። እኔ ጠንክሬ ነበርና ቀለድኩባቸው። "ያ ልጅ አይሳሳትም አላሉንም ነበር? አንበጣው የታለ?"

አልሳቁም። "ደጅሽ ሲደርስ አለፈ ወይስ ቆመ?" አሉኝ።

"ቆመ።"

ልጄን ብዙ አዩዋት። "እኛ ጋ መቆሙን ትቶ ነበር" አሉ።

ሞተሯ ዓመታት አገለገለችን። ልጄ ፊደል ቆጥራ ትምህርት ቤት ስትገባ ሸጥናት። የገዛት ሰው ባዶውን ቦታ አይቶ "በዚህ ዓመት የት ነበረች?" ሲል ባለቤቴ "መጋዘን" አለው፤ እኔ ወደ ማጀት ገባሁ። ሰውየው ብዙም ሳይነዳት ፈታታት። ታንከሯን ገለምሶ አንድ የጫት ማሳ ውስጥ ውሃ ሲቀዳበት በዓይኔ አይቻለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ማሽላው ሲያፈራ፣ ከበዴሳ በኩል ጣሳ ተመታ። ቱፍ ቱፍ ሲልም ሰማሁ፤ አንዴ አሳለ። መንደሩ ሁሉ ጣሳ ይዞ ወጥቶ አንጋጠጠ። እኔ ከግቢ ልጄን ጠራኋት፣ ፊቷን በነጠላዬ ጠረግሁላት፣ እጇን ይዤ ደጄ ላይ ቆምኩ።

"እማዬ፣ ሰዉ ሁሉ ሰማይ ያያል፤ አንቺ ምን ታያለሽ?" አለችኝ።

መንገዱን ነበር የማየው። ከቆመ እሷን ላሳየው ብዬ።